እንጎቻ የጋገረላት እረኛ፦ ዐመፀኞቹ እንስት አማልክትና የኤርምያስ 44 ሙግት

ኢየሩሳሌም ከፈረሰች በኋላ ወደ ግብፅ የተሰደዱ የይሁዳ ሰዎች ለነቢዩ ኤርምያስ አንድ መልስ ሰጥተውታል። በብሉይ ኪዳን ከተመዘገቡ የሕዝብ ንግግሮች መካከል እንደዚህ መልስ ፊት ለፊት የሆነ ጥቂት ነው። ለሰማይ ንግሥት ባጠንን ጊዜ፣ የመጠጥ ቍርባንም ባፈሰስንላት ጊዜ እንጀራ እንጠግብ ነበር፤ ካቆምን ወዲህ ሁሉ ነገር ጐደለብን፣ ሰይፍና ራብም ፈጀን፤ ስለዚህ አንሰማህም አሉት (ኤር. 44፥15-19)።

ይህ ክፍል በመድረኮቻችን ሲሰበክ አብዛኛውን ጊዜ ከሁለት አንዱን መንገድ ይይዛል። አንዱ ሰባኪ የሰማይ ንግሥትን የዝሙት መንፈስ ያደርጋትና ጣቱን ወደ ሴቶቹ መቀመጫ ይቀስራል። ሌላው ክፍሉን ከሌላ ቤተ ክርስቲያን ጋር ለሚደረግ ክርክር ጥይት ያደርገዋል። ሁለቱም አንድ ቀላል የታሪክ ጥያቄ ሳይጠይቁ ያልፋሉ፦ እነዚህ ሰዎች ያጥኑላት የነበረችው ማን ናት? ስለ እርሷስ ምን ይተረክ ነበር? ውድ አንባቢ፣ ጥያቄውን አብረን እንድንከተለው እጋብዝዎታለሁ። መልሱ ከጠበቅነው ይልቅ ወደ ራሳችን ቤት ይቀርባል።

ሊቃውንት በማንነቷ ላይ እስከ ዛሬ አልተስማሙም። የሜሶጶጣሚያዋ ኢሽታር ናት የሚሉ አሉ፤ የሲዶናውያን አስታሮት ናት የሚሉ አሉ፤ የከነዓኗን ዓናትን የሚጠሩም አሉ። ሁለት ሦስት ስሞች የተቀላቀሉባት ናት የሚለውም አሳብ ደጋፊዎች አሉት። አንድ ትንሽ ማስረጃ ግን ወደ ምሥራቅ ያመለክታል። ኤርምያስ 7፥18 ለእንጎቻው የሚጠቀምበት የዕብራይስጥ ቃል «ካዋኒም» ሲሆን፣ ቃሉ ለኢሽታር ይቀርብ የነበረው ቂጣ ከሚጠራበት ከአካድኛው «ካማኑ» የመጣ ነው። መንገዱም አይሰወርም። ንጉሥ ምናሴ ለአሦር ገባሪ ነበር፤ ስሙም በአሦር ንጉሥ በአስራዶን ጽሑፎች ከገባሪ ነገሥታት ጋር ተቈጥሮ ይገኛል። የሰማይን ሠራዊት ማምለክ በይሁዳ የገነነው በዚሁ በምናሴ ዘመን እንደ ሆነ ደግሞ 2ኛ ነገሥት 21 ይነግረናል። እንግዲህ ቂጣው ከመጣበት አገር እንጀምር።

የማትታዘዘው እመቤት

በጥንቷ የሱመር ከተማ በኡሩክ፣ ዘፍጥረት 10፥10 ኦሬክ በሚላት፣ ኢናና የምትባል እንስት አምላክ ትመለክ ነበር። አካዳውያን ኢሽታር አሏት። ምልክቷ የንጋትና የምሽት ኮከብ ነው። የፍቅርም የጦርነትም አምላክ ናት፤ እነዚህን ሁለቱን በአንድ እጅ መያዟ ብቻ ብዙ ይናገራል። (በነገራችን ላይ የስሟ ዘመድ በአገራችንም ነበረ። ንጉሥ ኢዛና ክርስትናን ከመቀበሉ በፊት ባስቀረጸው የድንጋይ ጽሑፍ አስታርን፣ ብሔርንና መድርን ይጠራል። ይሁን እንጂ የአክሱሙ አስታር፣ እንደ ደቡብ ዐረቡ ዓትታር፣ ወንድ አምላክ ነው። ስሙ ባሕር ሲሻገር ጾታውና ጠባዩ አብሮ እንደማይሻገር ልብ ይሏል።)

በሸክላ ጽላቶች ላይ የተገኙት የኢናና ታሪኮች ስለ አንዲት ሥርዐት አክባሪ አምላክ አይናገሩም። በአንደኛው ወደ ኤሪዱ ወርዳ ከጥበብ አምላኩ ከኤንኪ ጋር ጠላ ትጠጣለች። ኤንኪ ሲሰክር «ሜ» የሚባሉትን፣ የዓለምን ሥርዐት የሚያቆሙትን ሥልጣናት አንድ በአንድ አንሥቶ ይሰጣታል፤ ንግሥና፣ ክህነት፣ የእጅ ጥበብ፣ እውነት፣ በዚያው ዝርዝር ውስጥ ደግሞ ማታለልና ከተማ መዝረፍ። ስካሩ ሲለቀው ይጸጸትና መልእክተኛ ይልካል። እርሷ ግን ሁሉን በጀልባዋ ጭና ኡሩክ ገብታለች። በሌላው ታሪክ ኤቢህ የሚባል ተራራ አላከበረኝም ብላ ልትወጋው ትነሣለች። አባቷ አን ተራራው አስፈሪ ነው፣ አትችዪውም ብሎ ይከለክላታል። ሰምታው ትወጣና ሄዳ ተራራውን ታጠፋዋለች። ቅጣት የለም፤ ወቀሳም የለም። ታሪኩ በምስጋና ያበቃል።

እዚህ ላይ የምናጠናው ነገር ፍሬው አለ። እኛ የእነዚህን ታሪኮች አለመታዘዝ እንደ ነውር እናነባለን። ያመልኳት የነበሩት ግን እንደ ውዳሴ ነበር ያነበቡት። ለዚህ ከሁሉ የምትሻለው ምስክር ኤንሄዱአና ናት። የአካድ መሥራች የታላቁ ሳርጎን ልጅ ስትሆን፣ ከክርስቶስ ልደት በፊት በ2300 ገደማ በዑር ከተማ የጨረቃው አምላክ የናና ሊቀ ካህናት ነበረች። ሌናርድ ዉሊ በዑር ባደረገው ቍፋሮ ስሟና ምስሏ የተቀረጸበት ክብ ድንጋይ ተገኝቷል። በስሟ የሚታወቀውን የኢናና መዝሙር በእርግጥ እርሷ ራሷ ጽፋው እንደ ሆነ ሊቃውንት ይከራከራሉ፤ በእጃችን ያሉት ቅጂዎች ከእርሷ ዘመን ብዙ መቶ ዓመታት ዘግይተው በተማሪ ጸሐፊዎች የተገለበጡ ናቸውና።

መዝሙሩ የሚነግረን ይህን ነው። ሉጋላኔ የሚባል ዐመፀኛ ካህናቲቱን ከመቅደሷ አባርሯታል። እርሷም አገልግላው ወደ ኖረችው ወደ ናና ትጮኻለች። ናና ዝም ይላል፤ ጉዳይዋን አይዳኝላትም። በዚህን ጊዜ ወደ ኢናና ትዞራለች፤ የምታመሰግናትም ስለ ጽድቋ አይደለም። እንደ ጐርፍ ጠራርጋ ስለምትወስደው ኃይሏ፣ ከታላላቆቹ አማልክት ማንም ፊቷ ስለማይቆም ነው። ይህን መዝሙር ባስተማርሁ ቍጥር ተማሪዎቼ መጀመሪያ ይሥቃሉ፣ ከዚያ ዝም ይላሉ። ዳኛ ያጣ ሰው ጕልበተኛ ዘመድ እንደሚፈልግ ሁላችንም እናውቃለንና።

ዳኛው እያወቀ

ወደ ጊልጋሜሽ ታሪክ ስድስተኛ ጽላት እንለፍ። በነነዌ በአሹርባኒፓል ቤተ መጻሕፍት ከተገኙት ጽሑፎች አንዱ ነው። ጊልጋሜሽ ከዘመቻ ተመልሶ ሰውነቱን ታጥቦ ልብሱን ሲለውጥ ኢሽታር ታየዋለች፤ ባሌ ሁን ትለዋለች። ሰረገላ፣ ቤት፣ የነገሥታት ስግደት ትሰጠዋለች። እርሱ ግን እምቢ ይላታል፤ እምቢታውንም በዝርዝር ያስረዳል። የቀደሙ ወዳጆችሽ የት ደረሱ? ይላታል። የወጣትነት ባሏ ተሙዝ በየዓመቱ ይለቀስለታል (ሕዝቅኤል 8፥14 ላይ በኢየሩሳሌም መቅደስ በር ሴቶች ሲያለቅሱለት የምናየው ይኸው ነው)። የወደደችውን ወፍ ክንፉን ሰብራዋለች። ለአንበሳው ጕድጓድ ቈፈረችለት፤ ለፈረሱም አለንጋን።

ከዚያም እረኛው ይመጣል። አንባቢ እዚህ ላይ ቆም እንዲሉ እለምናለሁ። ይህ እረኛ ዘወትር በረመጥ የጋገረውን እንጎቻ ይቈልልላት ነበር፤ በየቀኑም ግልገል ያርድላት ነበር። ከዝርዝሩ ውስጥ ሥርዐት ጠብቆ አምልኮ ሲያቀርብ የምናየው እርሱ ነው። እርሷ መትታ ተኵላ አደረገችው። አሁን የገዛ እረኞቹ ያባርሩታል፤ የገዛ ውሾቹም ጭኑን ይነክሱታል።

ይህን የጻፈው ነቢይ አይደለም፤ የኢሽታርን ስም በፍርሃት የሚጠራ ባቢሎናዊ ጸሐፊ ነው። ቂጣ ማቅረብ ዋስትና እንደማይሆን ከጠላቶቿ ቀድመው የመሰከሩት የራሷ ሰዎች ናቸው። ቢሆንም ቂጣው አልቆመም። እንዲያውም የበለጠ መጋገር ነበረበት፤ የማይታወቅ ጠባይ ያለውን ኃያል ዝም ብሎ የሚተወው የለምና።

ኢሽታር እየተቈጣች ወደ አባቷ ወደ አኑ ትወጣለች፤ ጊልጋሜሽ ሰደበኝ ትላለች። የአኑ የመጀመሪያ መልስ የዳኛ መልስ ነው፦ የነካካሽው አንቺ ራስሽ አይደለሽምን? ነገሩን አውቆታል፤ ጥፋቱ የማን እንደ ሆነም ለይቷል። እርሷ ግን የሰማይን ወይፈን ስጠኝ ትለዋለች፤ ካልሰጠኸኝ የሙታንን ዓለም በሮች እሰብራለሁ፣ ሙታን ተነሥተው ሕያዋንን ይበላሉ፣ ከሕያዋንም ይበዛሉ። አኑ አንድ ነገር ብቻ ይጠይቃል፤ ወይፈኑ ከወረደ በኡሩክ ሰባት የእብቅ ዓመታት ይሆናሉና እህል አከማችተሻልን? አከማችቻለሁ ትላለች። የወይፈኑን ገመድ በእጇ ያስይዛታል። ወይፈኑ ሲያናፋ ምድር ተከፍታ አንድ መቶ የኡሩክ ሰዎች ገቡባት፤ ሁለተኛ ሲያናፋ ሁለት መቶ። እነዚህ ሦስት መቶ ሰዎች ምን አጠፉ ብሎ የሚጠይቅ በጽላቱ ላይ የለም። ጊልጋሜሽና ወዳጁ ኤንኪዱ ወይፈኑን ይገድላሉ፤ አማልክትም ተማክረው ከሁለቱ አንዱ ይሙት ይላሉ። ኤንኪዱ ይሞታል።

ይኸው ትዕይንት ከምዕራብም ይደገማል። እ.ኤ.አ. በ1929 በሶርያ ጠረፍ ራስ ሻምራ ላይ ቍፋሮ ሲጀመር የጥንቷ ኡጋሪት ከነጽላቶቿ ወጣች። በዚያ ዓናትን እናገኛታለን። ደም ውስጥ እስከ ጕልበቷ እየተራመደች የምትሥቅ ተዋጊ ናት። ለበዓል ቤት እንዲሠራለት ስትፈልግ ወደ አባቷ ወደ ኤል ትሄድና ሽበትህን በደም አርሰዋለሁ ብላ ታስፈራራዋለች። ኤል ሰባት ክፍል ውስጥ ሆኖ ከውስጥ ይመልስላታል፤ ልጄ፣ ዐውቅሻለሁ ዓይነት መልስ ነው። (ኤርምያስ ራሱ የዓናቶት ሰው ነው። የትውልድ መንደሩ ስም ከዚህችው አምላክ ስም ጋር የተያያዘ ይመስላል፤ በመሳፍንት 3፥31 ሰሜጋርም የዓናት ልጅ ይባላል። ነቢዩ የሚቃወማትን እንግዳ አገር ሄዶ መፈለግ አላስፈለገውም።)

የዓናት ታሪክ ሲነበብ የናቡቴን ወይን አለማስታወስ አይቻልም። አቃት የሚባል ወጣት ድንቅ ቀስት አለው። ዓናት ትመኘዋለች፤ ብር፣ ወርቅ፣ በመጨረሻም የማይሞት ሕይወት ልስጥህ ትለዋለች። አቃት አይሸጥም፤ ሰው ሁሉ ሟች ነው፣ አትዋሺኝ ይላታል። ወደ ኤል ሄዳ ታስፈራራለች፤ ኤልም የልብሽን አድርጊ ይላል። ያጥፓን የሚባል ቅጥረኛ ልካ ታስገድለዋለች። ቀስቱ ይጠፋል፤ እርሷም ታለቅሳለች፤ በምድርም ላይ ድርቅ ይሆናል። እኅቱ ፑጋት የጦር መሣሪያ ከልብሷ በታች ታጥቃ ወደ ያጥፓን ድንኳን ትገባለች፤ ጽላቱ እዚያ ላይ ተሰብሯል። መጨረሻውን ባናነብም ደም ፈላጊዋ የደረሰችው እስከ ቅጥረኛው ብቻ እንደ ሆነ ግልጽ ነው። በ1ኛ ነገሥት 21 ምኞቱ አለ፤ ዋጋ ማቅረቡ አለ፤ እምቢታው፣ በሥልጣን ማኅተም የሚፈጸመው ግድያም አለ። ከዚያ በኋላ ኤልያስ ይመጣል፤ በወይኑ ቦታ መካከል ንጉሡን ራሱን ያገኘዋል። በኡጋሪት ይህ ምዕራፍ የለም።

ለማንበብ ያስቸገሩን ሁለት ልማዶች

ግብፅም የራሷን ትናገራለች። ፀሐዩ ራ ሰዎችን ለመቅጣት የላካት ዐይኑ አንበሳ ሆና ደም ከቀመሰች በኋላ ትእዛዝ አልሰማ ትላለች፤ የሚያስቆማት በቀይ አፈር ቀለም የተበጠበጠ ሰባት ሺህ ጋን ጠላ በመስክ ላይ ፈስሶ፣ ደም መስሏት ጠጥታ ስትሰክር ነው። የታሪኩ አካሄድ ያው ነው። ኃይሉን የለቀቀው ራሱ ሊመልሰው አይችልም፤ ማባበል ብቻ ይችላል።

በዘመናችን አንዳንድ ጸሐፊዎች ኢናናንና ዓናትን የሴቶች ነጻነት ምልክት አድርገው ይወዷቸዋል። አሳቡ ከየት እንደሚመጣ ይገባኛል፤ በጥንቱ ዓለም ጽሑፍ እምቢ የምትል ሴት ማግኘት ብርቅ ነው። ነገር ግን የኢናናን መዝሙር ያስዘመረው የሳርጎን ቤት ነው፤ ያ ቤት የሱመርን ከተሞች በጦር ያስገበረ ቤት ነው። የአርቤላዋ ኢሽታር ለአስራዶን በነቢያቷ በኩል፣ ብዙዎቹም ሴቶች ነበሩ፣ አዋላጅህ ነኝ፣ ሞግዚትህ ነኝ እያለች ታጽናናው ነበር። ጡቷ ለንጉሡ፣ ቀስቷ ለጠላቶቹ ነበረ። የኡሩክ ድኻ ሴት ከዚህ ነጻነት ምን እንደ ደረሳት ጽላቶቹ አይነግሩንም።

የእኛ ሰባኪ ልማድ ደግሞ ተቃራኒው ነው፤ ሆኖም በዚያው ጾታ ላይ ተቸንክሮ ይቀራል። የሰማይ ንግሥት የሴቶች ኃጢአት ናት ይለናል። ኤርምያስ 7፥18ን ደግመን እናንብብ። እንጨት የሚለቅሙት ልጆች ናቸው፤ እሳት የሚያነዱት አባቶች፤ ሊጥ የሚለውሱት ሴቶች። ቤተ ሰቡ በሙሉ ሥራ ላይ ነው። በምዕራፍ 44ም ባሎች የሚስቶቻቸውን ማጠን ያውቁ እንደ ነበር ተጽፏል፤ ሴቶቹም ያለ ባሎቻችን ፈቃድ አላደረግነውም ብለው በግልጽ ይናገራሉ። ቀድሞም አባቶቻችን፣ ነገሥታቶቻችንና አለቆቻችን ያደርጉት ነበር ይላሉ። ይህን ክፍል ይዞ ጣቱን ወደ አንድ ወገን መቀመጫ የሚቀስር ሰባኪ ከጽሑፉ አላገኘውም።

የጳትሮስ ሰዎች ሒሳብ

አሁን ሙግታቸውን በቁም ነገር እንስማው፤ ሞኞች አልነበሩምና። ኢዮስያስ በ622 ቅ.ል.ክ. የባዕዳንን አምልኮ ከመቅደስ ጠራርጎ አወጣ። በ609 ያ ጻድቅ ንጉሥ በመጊዶ በፈርዖን ኒካዑ እጅ ሞተ። በ597 ንጉሡ ዮአኪን ወደ ባቢሎን ተጋዘ። በ586 ከተማዪቱም መቅደሱም ተቃጠሉ። ምናሴ ግን፣ ያ ሁሉ ጣዖት ያቆመው፣ 55 ዓመት ነግሦ በአልጋው ሞቷል። ውጤትን ብቻ በመቍጠር ታሪክን የሚያነብ ሰው ከዚህ ዝርዝር ምን ይደመድማል? ቂጣው ቆመ፣ እንጀራው ጠፋ። የኡሩክ ሰውም ቢሆን ከዚህ የተለየ ድምዳሜ አይሰጥም ነበር፤ ኢሽታር ስትከፋ እብቅ ይመጣል።

ኤርምያስ በመልሱ ዓመታቱን አይክድም፤ መራቡንም አይክድም። የሚለየው ቍጣው ምክንያት አለው በማለቱ ነው፤ ምክንያቱ አስቀድሞ ተነግሯል፣ ተጽፏል፣ በየማለዳው ነቢያት ተልከውበታል። በምዕራፍ 7 የሰማይ ንግሥት ከመጠቀሷ በፊት ነቢዩ በእግዚአብሔር ቤት በር ቆሞ የሚናገረውን ልብ ይበሉ። መጻተኛውን፣ ድኻ አደጉንና መበለቲቱን አትግፉ፤ የንጹሕ ደም አታፍስሱ ይላል። ሕዝቡ ግን ሰርቀው፣ ገድለው ይመጡና የእግዚአብሔር መቅደስ እያሉ ይደገፉበታል። ማለትም ለሰማይ ንግሥት ቂጣ የጋገረው እጅ ለያህዌም መሥዋዕት ያቀርብ ነበር፤ በዚያው ስሌት። ዐሥራቱን ከፍሎ፣ ጾሞ፣ አሁን በረከቱ ግዴታ ነው የሚለው በየሳምንቱ በማያ መስኮታችን የምንሰማው ስብከት የየትኛው መቅደስ እንደ ሆነ አንባቢ ይመዝኑት።

አንድ ተማሪ ሊጠይቅ የሚገባውን ጥያቄ ማለፍ አልችልም። የነቢያት አምላክም ይቈጣል፤ ከተማም ያፈርሳል። ታዲያ ልዩነቱ ምንድን ነው? አንዱ ልዩነት በኤርምያስ 12፥1 ይታያል። ነቢዩ ራሱ እግዚአብሔርን በፍርድ ጉዳይ ይሞግተዋል፤ የኀጢአተኞች መንገድ ለምን ይቃናል ብሎ ይጠይቀዋል። ጊልጋሜሽ ኢሽታርን በጥያቄ ስለ ሞገተ ሦስት መቶ ሰውና አንድ ወዳጅ አጥቷል። የኤርምያስ ሙግት ግን መልስ አግኝቶ፣ ተጽፎ፣ ለምእመናን ንባብ ተሰጥቷል። አብርሃምም በዘፍጥረት 18 ስለ ሰዶም የሚቆመው የምድር ሁሉ ፈራጅ በቅን ፍርድ ይያዛል ብሎ ስላመነ ነው። በአኑ ፊት እንዲህ ያለ ሙግት ማቅረብ ትርጕም አልነበረውም። አኑ ቅን ፍርዱን ያውቀው ነበር።

ጳትሮስ ላይ የተሰበሰቡት በኤርምያስ አልተረቱም። ከዚያ ከመቶ ዓመት ገደማ በኋላ አራማውያን በፓፒረስ የጻፏቸው ደብዳቤዎች በሄርሞፖሊስ አጠገብ በማሰሮ ውስጥ ተገኝተዋል፤ ስለ ልብስና ስለ ዘይት የሚያወሩ ተራ የቤተ ሰብ ደብዳቤዎች ናቸው። አንደኛው በሴዌኔ ላለው ለሰማይ ንግሥት መቅደስ ሰላምታ በማቅረብ ይጀምራል። ሴዌኔ የዛሬዋ አስዋን ናት፤ ሕዝቅኤል 29፥10 ከኢትዮጵያ ዳርቻ ጋር የሚያነሣት። ከእርሷ ፊት ለፊት በኤሌፋንቲን ደሴት ላይ ደግሞ የራሳቸው የያሁ መቅደስ የነበራቸው አይሁድ ይኖሩ ነበር። ከእነርሱ መዛግብት መካከል እያንዳንዱ ሰው ሁለት ሁለት ሰቅል ያዋጣበት የስም ዝርዝር አለ፤ የወንዶችም የሴቶችም ስም አለበት። ርእሱ ገንዘቡ ለያሁ እንደ ተሰጠ ይናገራል። መጨረሻው ላይ ሒሳቡ ተከፋፍሏል፦ ለያሁ 126 ሰቅል፣ ለአሺምቤቴል 70፣ ለዓናትቤቴል 120።